ክላክሱ ከተነፋ በኋላ

ዓርብ ማለዳ፣ ደብረ ብርሃን

እኔ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የሚባለውን ነገር አልችልበትም። ሐሙስ ዕለት ጎሚስታ ቤቱ በር ላይ የሰማሁት ወሬ ሲያገላብጠኝ አድሮ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ጋቢዬን ተከናንቤ ወጣሁ። ወሬው ጋሽ ታደሰ የአሊዩ አምባን መንገድ ሊተዉት ነው የሚል ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ደብረ ብርሃን ውስጥ አንዲት ጠባብ የአትክልት ሱቅ አለችኝ። ደንበኞቼ ፋብሪካ የሚሠሩ ልጆችና ለእነሱ ምግብ የሚያበስሉ ሴቶች ናቸው። ጋሽ ታደሰ ደግሞ ባለ አይሱዙ ናቸው፤ መኪናውም የራሳቸው፣ የሚነዱትም ራሳቸው። ዓርብ ዓርብ በገበያው ቀን አንኮበርን አልፈው ወደ ቆላው ይወርዱና ከአሊዩ አምባ ቲማቲም ጭነው ይመለሳሉ። አሁን ግን በአስፋልቱ ላይ ሲሚንቶ የማመላለስ ሥራ አግኝተዋል አሉ። ጎማ የማይበላ፣ ፍሬን የማያግል፣ ጭቃ የሌለው ሥራ ማን ይጠላል? እኔ ግን ጾሙ ሳይጋመስ ቲማቲሜ ሊቀርብኝ ነው ብዬ ልቤ አላርፍ አለ። አብሬያቸው ወርጄ የሚያመርቱትን ሰዎች በዓይኔ ላያቸው፣ ሌላ መኪና ይገኝ እንደሆነም ልጠይቅ ብዬ ተነሳሁ።

ሞተር ሲያሞቁ ደረስኩ።

«አንቺ ደግሞ ዛሬ ምን አመጣሽ?» አሉኝ።

ቆላውን ማየት አምሮኝ ነው አልኳቸው። በጎን አዩኝና የጋቢናውን በር ከፈቱልኝ። ስለ ሲሚንቶው አላነሳሁም፤ እሳቸውም አላነሱም።

መኪናው ባዶውን አይወርድም። ከኋላ የደጋ ድንች በጆንያ ተጭኗል፣ ጥቂት ቆርቆሮ አለ፣ ከላይ ደግሞ ባዶ የእንጨት ሳጥን ተደራርቦ በገመድ ታስሯል። ሳጥኑ የጋሽ ታደሰ ነው። ባለፈው ዓርብ ባዶውን የወረደው ዛሬ ሞልቶ ይጠብቃቸዋል፣ የዛሬው ባዶ ደግሞ እዚያው ወርዶ ለሚመጣው ዓርብ ይቀመጣል። እንዲህ እየተለዋወጠ ስንት ዘመን ሄዷል።

በደጋው ላይ

ከከተማው እንደወጣን ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ገብቶ ጆሮዬን ቆረጠኝ። ግራና ቀኙ ሜዳ ነው፤ የበልግ ገብስ ገና አንድ ጣት ያህል በቅሏል፣ የድንጋይ ካቦች፣ ባሕር ዛፍ፣ በጎች። ጋሽ ታደሰ አይናገሩም። እኔ ዝምታ ያሳክከኛል፤ የመስኮቱን እጀታ አሽከረከርኩ፣ የጫማዬን ማሰሪያ ፈትቼ አሰርኩ፣ ስንት ቀረን ብዬ ጠየቅኩ፣ ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ጠየቅኩ። በመጨረሻ፣ «መንገዱን ለእኔ ተይልኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

የአንኮበሯ ከተማ ጎረቤላ ስንደርስ አካባቢውን ጉም ውጦታል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት እንኳ አይታይም። ጋሽ ታደሰ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። እኔ ግን አፌ ቦዝኖ መዋል ስለማይሆንልኝ አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ገብቼ የሚፍለቀለቅ ሽሮ በላሁ። ከደብረ ብርሃን ይረክሳል፣ ቃሪያውም ያቃጥላል። ባለቤቷ ማታ ቁልቁለቱ ላይ ሲዘንብ እንዳደረና ጠዋት ከታች የመጣ መኪና እንደሌለ ነገረችኝ። ይህንን ለጋሽ ታደሰ ብነግራቸው፣ «መጥሪያው ላይ ወርጄ አያለሁ» ብለው ማርሽ አስገቡ።

መጥሪያው

መጥሪያው ምን እንደሆነ ቁልቁለቱን ስንጀምር ነው የነገሩኝ። ከአንኮበር በታች መንገዱ በገደሉ ጫፍ ወደ ቆላው የሚታጠፍበት አንድ ጥምዝ አለ። ከዚያ ላይ የተነፋ ክላክስ እስከ እርሻው ድረስ ይሰማል። ቲማቲም በቆላ ሙቀት ተለቅሞ አይቆይም፤ ሲለቅሙት የመኪናው መምጣት መረጋገጥ አለበት። ስልኩ ደግሞ በዚህ ገደል አንዳንዴ ይሠራል፣ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም፤ መንገድ ተዘጋ በሚባልበት ሳምንትማ ጭራሽ ይጠፋል። ስለዚህ ጋሽ ታደሰ ጥምዙ ጋ መኪናቸውን ያቆሙና በእግራቸው ወርደው የታችኛውን መንገድ ያያሉ። ደህና ከሆነ ተመልሰው አንድ ረጅም ክላክስ ይነፋሉ። ያን ጊዜ ታች ያለው ሰው ሁሉ ወደ ማሳው ይገባል። መንገዱን ሳያዩ ነፍተው እንደማያውቁ ሲነግሩኝ ድምፃቸው ላይ ኩራት ነበር።

ጥምዙ ላይ ስንደርስ ከጉሙ ውስጥ እንጨት የጫኑ አህዮች ድንገት ፊታችን ድቅን አሉ። ነጂያቸው ከኋላ ቀርቷል፤ አህዮቹም መሀል መንገድ ላይ ጆሯቸውን ጥለው ቆመዋል። ጋሽ ታደሰ ፍሬኑን ረግጠው ክላክሱን በመዳፋቸው በረጅሙ ተጫኑት። ድምፁ ገደሉን ይዞ ወረደ። አህዮቹ ወደ ጥግ ሲሸሹ መኪናው ቆመ፣ እኔም እፎይ አልኩ። እሳቸው ግን እጃቸውን ከመሪው ላይ አንስተው ጭናቸው ላይ አኖሩና ፊታቸው ጠቆረ።

ወርደን ሄድን። ከጥምዙ ብዙም ሳንርቅ መንገዱ የለም። ሌሊት የወረደ ናዳ አፈሩንና ቋጥኙን አንድ ላይ አምጥቶ ከዳር እስከ ዳር ዘርግቶታል።

«ታች ያሉት ሰምተዋል» አልኳቸው።

«ሰምተዋል» አሉ። «ወደላይ ልመለስ። ዝናብ ከደገመ እኔም እዚሁ ገደል ላይ መቅረቴ ነው» አሉ።

እዚያ ቆሜ ናዳ ማየት አልሆነልኝም። መልቀሙን እንዲያቆሙ ልንገራቸው፣ እኔ በእግረኛ አቋራጭ ልውረድ አልኳቸው። አልከለከሉኝም፤ እጠብቅሻለሁም አላሉኝም። የአህዮቹን ባለቤት መንገዱን ጠይቄ፣ ጋቢዬን ወገቤ ላይ አስሬ ቁልቁል ተንደረደርኩ።

አሊዩ አምባ

እየወረድኩ ስሄድ ጉሙ ከላዬ ቀረ፣ ሙቀቱም ተቀበለኝ። ሁለት ጊዜ አዳልጦኝ ተቀመጥኩ። ታች ያለው አገር ሲገለጥልኝ ቆሜ ማየት ነበረብኝ፤ ግን አላየሁም፣ እየሮጥኩ ነው ያለፍኩት። ትዝ የሚለኝ በማሽላ አገዳ መሀል ቁራጭ ቁራጭ የቲማቲም ማሳ፣ ከወንዝ የተጠለፈ ቦይ፣ ጥቂት አዲስ የቆርቆሮ ክዳን ነው። ቆርቆሮውን ሳይ መኪናው ላይ ያለው ለማን እንደሆነ ገባኝ።

ዘሃራ የምትባለው ሴት ማሳው ዳር ነበረች። ጋሽ ታደሰ በመንገድ ላይ ስሟን አንስተውልኝ ነበር፤ የአካባቢውን ቲማቲም አሰባስባ የምታስጭነው እሷ ናት። በዕድሜ እኩያዬ ትሆናለች። ከዛፉ ጥላ ሥር ሳጥኑ ሞልቶ ተደርድሯል፣ ሴቶቹ ደግሞ ገና እየለቀሙ ነው። ሰላምታ እንኳ በወጉ ሳላቀርብ መንገዱ መዘጋቱን ነገርኳት።

«ክላክሱንስ ማን ነፋው?» አለችኝ።

የአህዮቹን ነገር ነገርኳት። ሴቶቹ ቀና ብለው ሰሙኝ። ማንም አልጮኸም፤ እኔ ግን ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። አንዷ እጇ ላይ ያለውን ቲማቲም ቀስ አድርጋ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠችው። ዛሬ ካልተጫነ እሑድ ይፈሳል፤ የገበያው ሰው ደግሞ ይህን ሁሉ አይበላም። ዘሃራ ወደ ገደሉ አንጋጣ አየችና መኪናው አሁንም እዚያ እንዳለ ጠየቀችኝ። እኔ እንጃ አልኳት። መዋሸት አልፈለግሁም።

«ኢንሻአላህ ይኖራል። አህያ አምጡ፣ ናዳው ድረስ እናውጣው» አለች ወደ ሴቶቹ ዞራ።

ከማሳው ማዶ የነበረው የዓርብ ገበያ በአንድ ጊዜ ተላወሰ። ጨው ጭኖ ከበረሃ የመጣ ሰውዬ ግመሉን አራግፎ ሰጠን። እህል ሊሸጡ የመጡት አህዮቻቸውን አመጡ። ሳጥኑ ሳር እየተጎዘጎዘለት በግራና በቀኝ ተጫነ። ይህ አገር ከመኪና በፊት ይህንን ሥራ ያውቀዋል፤ የቆላው ዕቃ በግመል እዚህ ድረስ መጥቶ ወደ ደጋ የሚወጣው በአህያና በበቅሎ ነበር ይላሉ። ያኔ ግን ቲማቲም የሚያመርት አልነበረም፤ ቢያመርትም አንኮበር ሳይደርስ ወጥ ይሆን ነበር።

ናዳው ላይ

አቀበቱን ስንወጣ ነፍሴ ከሥጋዬ ልትለይ ደረሰች። ሳጥኑ ሲንገጫገጭ ልቤ አብሮ ይንገጫገጫል። በየጥምዙ ቀድሜ እየሮጥኩ ወደላይ አያለሁ፤ ጉም ብቻ ነው። ትተውን ሄደው ከሆነ እነዚህን ሴቶች በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ እያልኩ በልቤ እሰድብ ነበር፤ ጋሽ ታደሰንም፣ ሲሚንቶውንም፣ እነዚያን አህዮችም።

መጀመሪያ የሰማሁት የአካፋ ድምፅ ነው። ጋሽ ታደሰ ኮታቸውን አውልቀው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው፣ በናዳው ላይ የእግር መንገድ እየጠረጉ ነበር። የአህዮቹ ባለቤትም አብሯቸው ይቆፍራል። መኪናው ፊቱን ወደ አንኮበር አዙሮ ቆሟል፣ ድንቹና ቆርቆሮውም ወርዷል፤ ባዶው ሳጥን ብቻ ላይ እንደታሰረ ቀርቷል። ዕንባዬ መጣ፤ ላብ ነው ብዬ ጠረግሁት።

ግመሉ ከናዳው ሥር ተንበረከከ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም በሰው እጅ ሆነ። በጠረጉት መንገድ ላይ ተደርድረን ሳጥኑን እየተቀባበልን ወደ መኪናው አወጣነው፤ በዚያውም ድንቹና ቆርቆሮው ወደታች ወረደ። አንዳንዱ ሳጥን ሥሩ ፈሷል፣ የሴቶቹ ነጠላ ቀይ ሆኗል። አብዛኛው ግን ደህና ወጣ።

የመጨረሻው ሳጥን ሲጫን ጋሽ ታደሰ ዘሃራን ጠሯት። እኔ አጠገባቸው ሸራውን እየጎተትኩ ነበር።

«ዛሬ ልነግርሽ የመጣሁት ነገር አለ። ከእንግዲህ እዚህ አልወርድም። አስፋልት ላይ ሲሚንቶ ልጭን ነው።»

ዘሃራ የአህያዋን ገመድ መጠቅለሏን አላቆመችም።

«መሄድማ ይሂዱ፣ ማን ይይዝዎታል። እኛ ግን ሌላ ችግኝ አፍልተናል። ቀደም ብለው ቢነግሩን ማሽላችንን እንዘራ ነበር። ማሽላ ጎተራ ገብቶ ይጠብቃል፣ ቲማቲም አይጠብቅም። እኛ ቲማቲም የጀመርነው መሬቱ ትናንት ተፈጥሮልን አይደለም፣ ጋሽ ታደሰ። ዓርብ ዓርብ ያ ክላክስ ስለሚሰማ ነው።»

ከነጠላዋ ጫፍ አንድ ፓፓያ ፈታችና፣ «ለዘጠኝ ሰዓትዎ» ብላ ሰጠቻቸው። ይህቺ ሴት ተናዳ እንኳ የሰው ጾም አትረሳም። እሳቸው ፓፓያውን ጋቢናው ውስጥ አስቀመጡ፣ ጎማቸውን ዞረው አዩ፣ ከዚያም ወደላይ ወጥተው ባዶዎቹን ሳጥኖች የያዘውን ገመድ መፍታት ጀመሩ። እኔ ሸራውን ለማጥበቅ መስሎኝ ነበር። አንድ በአንድ አቀበሉኝ፤ እኔም ለሴቶቹ አቀበልኩ።

መልስ

ደብረ ብርሃን የገባነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ጋሽ ታደሰ በመንገድ ላይ ያቺን ፓፓያ በቢላ ከፍለው እኩሌታውን ሰጡኝ። እኔ ስንት ቀረን ብዬ አልጠየቅኩም፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥመኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ልማት የሚባለውን ቃል በስብሰባም በሬዲዮም ስሰማው ኖሬያለሁ። መንገድ ሲሠራ ይመጣል ይሉናል። መንገዱማ ተሠርቶ ነበር፤ ማሽላውን ወደ ቲማቲም የለወጠው ግን በዚያ መንገድ ላይ በቀኑ የሚመጣ አንድ መኪና ነው። ቆርቆሮውም፣ ቦዩም፣ የእኔም ሱቅ፣ የእነዚያ የፋብሪካ ልጆች ሳህንም ከዚያ ጋር ተያይዞ ነው የቆመው። ስጠብቅ የምበሳጨው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ታች ያሉት ሴቶች ግን ዓመቱን ሙሉ ጆሯቸውን ወደ ገደሉ ጥለው ነው የሚኖሩት፤ ይህ ከውስጤ አልወጣ ብሎኛል።

ሱቄ በር ላይ ቲማቲሙን ስናወርድ ጎሚስታው እጁን እየጠረገ መጣ። የመኪናውን ጭቃ ዞሮ አየና ሳቀ።

«ጋሽ ታደሰ፣ ከዚህ ጭቃ ሊገላገሉ ነው አሉ። ሲሚንቶው ሰኞ ነው የሚጀመረው?»

ጋሽ ታደሰ የመጨረሻውን ሳጥን እጄ ላይ አኖሩና ወደ ጋቢናው ወጡ።

«እንዴት አድርጌ ነው የምጀምረው?» አሉት። «ሳጥኔ አሊዩ አምባ ነው ያለው።»