ዴካችንና ቀድሞ የሄደው ጫማ

አላመንኩም። አሁንም አላምንም።

ትናንት እሁድ አመሻሽ ላይ፣ ቤሩት፣ ሲን ኤል ፊል ሰፈር በሚገኘው ክፍላችን፣ መብራቱ ከመንግሥት ወደ ሰፈሩ ጄኔሬተር ሲዞር፣ የምንወደው ዴካችን ጭስ ተፍቶ ዐርፏል። ነቅለን ሰካነው። በጥፊም መታነው። ኸላስ፣ አልሆነም።

ሟቹ የድሮ ማዳሜ ልትጥለው ስትል በፌስታል ይዤው የወጣሁት ነበር። ክዳን የሌለው አንድ ሪሞት፣ ሆዱ ውስጥ የቀረ አንድ ዲስክና አንድም ቀን ስቃለት የማታውቅ የሰባት ዓመት ልጅ ትቶ አልፏል።

ልጅቷ የኔዋ ሰሚራ ናት። እዚሁ ቤሩት የተወለደች፣ በዓረብኛ የምትጣላ፣ በአማርኛ የሚርባት።

ዲስኩ ላይ ያለው፣ እኔ ኮምቦልቻ ልጅ ሳለሁ በቴሌቪዥን ይታይ የነበረ የልጆች ቀልድ ነው። ጋሽ ቁምጣ የሚባል ባለ ሪዝ ትልቅ ሰውዬ፣ ቁምጣ ለብሶ ተማሪ ይሆናል። ሁልጊዜ ያረፍዳል። "ለምን አረፈድክ?" ሲባል ፊቱን እንደ ዳኛ ኮስተር አድርጎ፣

"ጫማዬ ቀድሞኝ ወጥቶ ነው፣ ቲቸር።"

በቃ። ይቺን ብሎ ነው መሬት ላይ የሚያንከባልለን።

ቀልዱ የሚገባው ያኔ ቴሌቪዥን ጎረቤት ቤት ያየ ሰው ነው። እግር ታጥቦ፣ ጫማ በር ላይ አውልቆ ነበር የሚገባው። ሲያልቅ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በጨለማ ይራኮታል፤ አንዱ ያንተን አጥልቆ ይሄዳል። የኛ ጫማ እውነትም ቀድሞን ይሄድ ነበር።

ይህን ሁሉ ለሰሚራ አስረድቻለሁ። ቀልድ ሲያስረዱት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

"እማ፣ ይሄ ዐሞ ለምን ሱሪ የለውም?"

"ተማሪ ስለሆነ።"

"ሪዝ አለው እኮ!"

"ዝም ብለሽ እዪ።"

"ማስታወቂያውን እንዝለለው?"

"ያኒ ማስታወቂያ የለውም፣ ልጄ!"

ትናንትም ከታች ፎቅ ከመጣችው፣ አማርኛ ከምትሰማው ጓደኛዋ ከኑር ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሁለቱም ፖሊስ ጣቢያ እንደተጠራ ምስክር ጸጥ። እኔ ብቻዬን እንባዬ እስኪወርድ ስስቅ መብራቱ ዞረ። ዴካችን ጨሰ፣ ክፍሉ ጨለመ፤ ኑርም በዳበሳ ከበሩ ላይ ጫማ አጥልቃ ወረደች።

"ለዴክ ነው እንዴ የምታለቅሺው?" አለችኝ አብራኝ የምትኖረው ዘይነብ።

"ለዴክ አይደለም። ልጄ በአማርኛ ሳትስቅ ልታድግብኝ ነው።"

ዘይነብ ቢላ አመጣችና የሟቹን ሆድ መክፈት ጀመረች።

ዛሬ ረፋድ ላይ፣ ራስ ቤሩት የማጸዳበት ቤት በረንዳ እያጠብኩ ስልኬ ጮኸ። ትምህርት ቤት ነው።

"እም ሰሚራ፣ አሁኑኑ ነይ።"

ኢቃማችሁ ያለቀባችሁ እህቶቼ፣ ይህን ለእናንተ አላስረዳም። የመኖሪያ ወረቀት የሌላት እናት "ነይ" ስትባል የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰርቪስ ታክሲው ውስጥ እስክደርስ የማጽጃ ጓንቴን እንኳ አላወለቅኩም። ሾፌሩ ራሱ ደንግጦ ውሃ ልግዛልሽ አለኝ።

አስተማሪዋ ሚስ ሪማ ክፍሉ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

"ልጅሽ አረፈደች።"

"ፓርዶን፣ ሚስ።"

"ለምን ስላት፣ ጫማዬ ቀድሞኝ መጥቶ ነው አለችኝ። ኮስተር ብላ! ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ።"

"ጫማዋ?"

"ማን አስተማረሽ ስላት፣ ጋሽ ቁምጣ አለች። ይሄ ሰውዬ እናንተ ቤት ነው የሚኖረው?"

ድንጋጤው ገና አልለቀቀኝም። "ነበር፣" አልኩ። "ትናንት ዐረፈ።"

ሚስ ሪማ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። "አላህ የርሐሞ! ነፍሱን ይማር!"

በትከሻዋ በኩል ወደ ክፍሉ ሳይ፣ የሰሚራ ሐምራዊ ጫማ ፊት ወንበር ላይ በተቀመጠችው በኑር እግር ላይ ነው። ሰሚራ ደግሞ ኋላ ተቀምጣ በኑር ሰፊ ጫማ ትዋኛለች። እኔ በጠዋት ስለምወጣ ለትምህርት ቤት የምታሰናዳት ዘይነብ ናት፤ ጫማ ሲፈልጉ አርፍደዋል። ጫማው ግን በሰዓቱ ክፍል ገብቷል። ልጄ እውነቷን ነው!

አልሐምዱሊላህ። ፖሊስ የለም፣ ወረቀትም የጠየቀ የለም። የጫማ ጉዳይ ነው! ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ፊቴን ይዤ ተንፈቀፈቅኩ። ሚስ ሪማ ሐዘን መስሏት ትከሻዬን አሻሸችኝ።

ስንመለስ ሰሚራን ጠየቅኳት። "ታዲያ እኛ ቤት ለምን አንድም ቀን አልሳቅሽም?"

"እማ፣ አንቺ እሱ ሳይናገር መሳቅ ትጀምሪያለሽ። እሱ ሲናገር እኔ አንቺን እያየሁ ነው።"

"ንግግሩን ታዲያ እንዴት ያዝሽው?"

"ደረጃው ላይ ከኑር ጋር እንጫወተዋለን። እኔ ጋሽ ቁምጣ፣ እሷ ቲቸር። በጣም ነው የምንስቀው።"

"በአማርኛ?"

"በአማርኛ ነዋ! በዓረብኛ ብዙም አያስቅም። ሚስን አላየሻትም?"

ደህና ሁን፣ ዴካችን። ሆድህ ያለ ጭረት የጠበቀውን ዲስክ ዘይነብ በሰላም አውጥታዋለች፤ ከእንግዲህ የኑር እናት ኮምፒውተር ይጎርሰዋል። በዚህ ሰፈር መብራት ስንት የተከበረ ፍሪጅ ሲወድቅ አንተ ቆመህ ነበር። የሄድክበት አገር መብራት አይዞርም። እንደ ጫማችን ቀደምከን፤ ቀስ ብለን እንደርሳለን።

እርማት፦ ከላይ በወጣው የሐዘን መግለጫ "አንድም ቀን ስቃለት የማታውቅ ልጅ" የተባለው ስህተት ሆኖ ስለተገኘ፣ "እናቷ ቀድማ እየሳቀች ተራ ያሳጣቻት ልጅ" ተብሎ ይነበብ። ለሚስ ሪማ የተነገረው የጋሽ ቁምጣ ዕረፍት ግን ባለበት ይጸናል።