ጣራችን ወደ ፌርማታው የሄደ ቀን

የፊት ጥርሴ የተነቀለ ዓመት ይመስለኛል፣ ቤታችን ከሱሉልታ መስክ መሐል ተነሥቶ ወደ መኪናው መንገድ ሄደ። ቤት ይሄዳል ወይ አትበሉኝ፤ ያኔ ይሄድ ነበር። ጎረቤት ተጠርቶ፣ ወንዶቹ ከሥር ገብተው የሣር ጣራውን እንዳለ በጫንቃቸው ያነሡታል። እኛ ልጆች ከኋላ እየተከተልን ጥቀርሻው ይረግፍብናል። ጥቀርሻና እርጥብ ሣር ሲሸተኝ ዛሬም ያ ቀን ፊቴ ድቅን ይላል።

ነገሩ የወተት ነገር ነው። እናቴ ወተቱን ይዛ ጭቃውን አቋርጣ እስክትደርስ የአዲስ አበባው አውቶብስ ጥሏት ይሄዳል፤ ወተቱም ይበላሻል። አንዳንዱ ሰው መኪና እንዲገባ መስኩን በመንገድ እንክፈለው አለ። አባቴ ኦቦ ደገፋ ግን፣ "መስኩ ከተቆረሰ ላሟ ምን ትብላ? አውቶብሱ ካልመጣልን እኛ እንሂድለት" አሉ። ፌርማታው አጠገብ ሣር የማያበቅል ድንጋያማ ጉብታ ነበረ። አምስት ቤተሰብ አጥር ለአጥር ተጠጋጋንበት።

እናቴ ግን አልወደደችውም። "አሁን የብርቄ ባል ባስነጠሰ ቁጥር ይማርህ ልል ነው?" አለች። ብርቄ ከአጥሩ ወዲያ ሰምታ፣ "ያንቺው ሲያንኮራፋስ እኔ ምን ልበል?" አለቻት። እናቴ ሳትወድ ሳቀች። ከዚያ ወዲያማ አውቶብሱ ጡሩምባ ሲነፋ ብድግ ብሎ መሳፈር ሆነ። አንዷ ወተት ስትወስድ ሌላዋ ልጆቿን ትይዝላታለች። መስኩም ሙሉውን የላሞቹና የእኛ የልጆቹ ሆኖ ቀረ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔም ካረጀሁ ወዲያ፣ አዲስ አበባን ወደ እኛ መሬት ያሰፋል በተባለው በማስተር ፕላኑ ረብሻ ጊዜ፣ መንገድ ተዘግቶ፣ ከቡራዩም ከሰበታም የለቅሶ ወሬ እየመጣ፣ ሰፈራችን ተሰበሰበ። "ሌላ ከሚወስደው መስኩን ሸንሽነን እንሽጠው" የሚሉ በዙ። ተነሣሁ። "ቤት ይሠራ፣ ፌርማታው ዙሪያ ይሠራ፣ ካስፈለገም ፎቅ ይሁን። መስኩ ግን አይነካም" አልኩ።

አንድ ጎረምሳ፣ "እማማ፣ አንቱ ከማን ወገን ነዎት? ከመንግሥት ነው ከኛ?" አለኝ።

"ከሣሩ" አልኩት። ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ከአባቴ የወረስኩትን የመስክ ድርሻዬን አልሰጥም ብዬ ቁጭ አልኩ።

እናቴ ጠዋት ከተማ ሄዳ ለምሳችን ትደርስልን ነበር። የልጅ ልጄ አሁን ከሩቅ ኮንዶሚኒየም ሳይነጋ ለሥራ ወጥታ ማታ ስትመለስ ልጇ ተኝቶ ነው የሚጠብቃት። ባለፈው መጥታ፣ "አያቴ፣ ከመስኩ ለጎጆ የምትሆን ብቻ ቁረሺልኝ" አለችኝ። እምቢ አልኳት። ግን ልጇን ይዛ እዚሁ ፌርማታው አጠገብ እንድትገባ፣ አልጋዬን ጓዳ አስገብቼ ሳሎኑን ለቅቄላታለሁ።