ለእንግዳ የታጠቡት የፖም ዛፎች

ባለፈው ቅዳሜ ደባርቅ ገበያ የገዛሁትን ፖም ልገምጥ ስል፣ ልጣጩ ላይ ከሰናፍጭ ፍሬ የማትበልጥ ግራጫ ነቁጥ አየሁ። ሳይታወቀኝ በጥፍሬ ፈነቀልኳት። ባለቤቴ «ደግሞ ጀመረህ! አጥበህ ብላ እንጂ» አለችኝ። እሷ ምን ታድርግ፤ ያቺ ነቁጥ ነፍሳት መሆኗን፣ ዘመዷም በሃያ ሦስት ዓመቴ ጉድ ልትሠራኝ እንደነበር ነግሬያት አላውቅም።

ያኔ ዳባት ውስጥ የእጽዋት ጤና ባለሙያ ሆኜ አዲስ ተቀጥሬ ነበር። አዲስ ምሩቅ መቼም የማያውቀው ነገር ያለ አይመስለውም። ኮሶዬ አጠገብ አያ ደሴ የሚባሉ ገበሬ ስድስት የፖም ዛፎች ነበሯቸው፤ ከችግኝ ጀምሮ እንደ ልጅ ያሳደጓቸው። በዚያ ሳልፍ ግንዶቹ ላይ ግራጫ ነቁጥ አየሁና፣ አጉሊ መነፅሬን እንኳ ከኪሴ ሳላወጣ፣ ዛፍ ገዳይዋ ተባይ ናት ብዬ ደመደምኩ። ለአያ ደሴ ረቡዕ እንደምመለስ ብቻ ነገርኳቸው። ለአለቃዬ ግን ጻፍኩ። አለቃዬም «ሳትዛመት ዛፎቹ ተቆርጠው ይቃጠሉ። ናሙና አምጣ፤ ዓርብ መጥረቢያ ይሄዳል» አለ።

መጽሐፌን የገለጥኩት ከዚያ በኋላ ነው። የዚህች ነፍሳት ወገኖች ከሰምና ከአሮጌ ቆዳቸው ክዳን ሠርተው ከሥሩ ይኖራሉ። ክዳናቸው በጣም ይመሳሰላል። ማንነታቸው የሚለየው ክዳኑ ተነሥቶ፣ የሴቷ የጅራት ጫፍ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። እኔ የፈረድኩት በባርኔጣዋ ነበር።

ረቡዕ በአይሱዙ ተጭኜ ሄድኩ። ጥቅምት ነው፤ ንፋሱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ የባቄላ እሸት እየፈለፈሉ ያቀብሉኛል። ስደርስ ዛፎቹ ያብረቀርቃሉ።

«እንኳን ደህና መጣህ ልጄ!» አሉ አያ ደሴ። «ባለሙያ ሊያያቸው ነው ብዬ በአመድ ውሃ ፈትጌ አጠብኳቸው። እንግዳ በእድፍ ይቀበሉታል እንዴ?»

አንዲት ነቁጥ የለችም! ናሙና ከሌለ ደግሞ ስህተቴን ማረጋገጫ የለኝም። እንባዬ መጣ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሳላጣራ የጻፍኩት እኔ መሆኔንም፣ የዓርቡን መጥረቢያም። አያ ደሴ ዛፎቻቸውን አንድ በአንድ አዩ።

«ታዲያ ቆመህ ታለቅሳለህ? ና እንፈልግ እንጂ!» አሉ።

አንዱ ባላ መጋጠሚያ ላይ፣ መፈተጊያው ያልደረሰበት ስንጥቅ ውስጥ፣ ሰባት ነቁጥ አገኘን። የአንዷን ክዳን በመርፌ ሳነሣላቸው በመነፅሬ አዩና «ይቺን ታክል ፍጥረት፣ ቤት ክዳና!» ብለው ሳቁ። ቅርንጫፉን ቆርጠው ሰጡኝ። ትኩስ ድንች በዳጣ ካላበላሁህ አትሄድም ብለውም አበሉኝ።

ደባርቅ አንድ የባዮሎጂ መምህር ማይክሮስኮፕ አዋሰኝ። ነፍሳቷን ለሳሙና መሥሪያ በሚሆን ሶዳ ቀቅሎ ማጥራት ያስፈልጋል። የመጀመሪያዋን ጨፈለቅኳት፤ ሁለተኛዋን በማስነጠሴ አጣኋት፤ ሦስተኛዋ ተቀደደችብኝ። አራተኛዋ ላይ የጅራቷ ጫፍ ጥርት ብሎ ታየ። ገዳይዋ እዚያ ጫፍ ላይ ጎላ ያሉ ሁለት ጥንድ ጥርስ መሳይ ጉጦች አሏት፤ የዚህች ጎልቶ የሚታየው አንድ ጥንድ ብቻ ነበር። የቀሩትንም አየሁ፤ ሁሉም እንደዚያው። ብዙ ዛፍ ላይ የምትኖር፣ ፖም የማትገድል ሌላ ዓይነት ናት። መምህሩን አቅፌ ዘለልኩ።

መጥረቢያው ሳይነሣ ውጤቱን ሳቀርብለት አለቃዬ «መጀመሪያ ገዳይዋ ናት ያለው ማነው?» አለኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። እሱም የመቁረጡን ትእዛዝ ቀደደው። ለዚህችኛዋ ምን መድኃኒት እንዳለ ሳነብ ደግሞ ግንዱን ፈትጎ ማጠብ ይላል! ይህን ብነግራቸው አያ ደሴ «እንግዲያው በየዓመቱ እንግዳ ይላኩልኝ» አሉ።

አያ ደሴ ካረፉ ቆይተዋል። ዛፎቹ ዛሬም ያፈራሉ፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር የሰፈሩ ሰው «ያተረፍካቸው አንተ ነህ» እያለ ይመርቀኛል። መጥረቢያውን የጠራሁት እኔ መሆኔን ያውቁ የነበሩት አያ ደሴ፣ እስኪሞቱ ድረስ ለአንድ ሰው አልተነፈሱም። ስለዚህ እኔው ልናገር።