ትንፋሽ ይያዙ

ሆስፒታሉም ሰፈሩም የሚጠራት «ትንፋሽ ይያዙ» እያለ ነው። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ በሲቲ ስካን ክፍል ሰው እያስተኛች ይህንኑ ስትል ኖራለች። ኋላ ሲሰለቻት ድምፅዋን ማሽኑ ላይ ቀዳችውና እሱ ይልላት ጀመር። ባሏ እንኳ ሲጣሉ «እስቲ ትንፋሽ ያዢ» እያለ ያበሽቃታል። ፈሪ አይደለችም፤ በድንጋጤ የደረቀውን ስንቱን ሰው እያሳቀች ሸኝታለች!

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ግን ደረቱን ይዞ እያቃሰተ በአልጋ እየተገፋ የመጣው ሽማግሌ የገዛ አባቷ ሆኖ አረፈው። አናጢ ነው፤ በር ሲገጥም ከመሰላል ወድቆ ነው። እጅ እግሯ ተሳሰረ። ደረቱን በቶሎ አንሺ ስትባል በቶሎ አነሳችው፤ ከልክ በላይ በቶሎ።

ምስሉ ሲመጣ ከልቡ በሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ውስጥ ቀጭን ጥቁር መስመር ታየ።

«ተቀዷል» አለ ቀዶ ሐኪሙ። «ደረቱ መከፈት አለበት። በዚህ ዕድሜ ደግሞ...» እሷን ሲያይ ዓይኑን ወደ ምስሉ መለሰ።

መስመሩ ላይ አፈጠጠች፤ ከዚያ ደረቷን ደቃች። «ወይኔ ጉዴ! የልብ ሽቦውን አልለጠፍኩለትም!»

ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችን የምትቆጣበት ስህተት ነው። ልብ አርፎ አይተኛም። ሽቦው ምቱን እየተከተለ ረገብ በሚልባት ቅጽበት ማሽኑን ካላስነሳው፣ የደም ሥሩ ጠርዝ ሁለት ሆኖ ይወጣና ደህናው የተቀደደ ይመስላል። የአባቷ ልብ ደግሞ ሲጋልብ ነበር።

«ዶክተር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አንዴ ልድገመው።»

«የእውነት ተቀዶ ከሆነስ? እያንዳንዷ ደቂቃ እኮ ትገድለዋለች።»

«አስር ደቂቃ ብቻ፣ በእናትህ!»

ሰዓቱን አየ። «አስር። አንዲት አትጨመርም።» ምቱን የሚያበርድ መድኃኒትም አዘዘ።

ሽቦው ተለጠፈ። መቶ አስር የነበረው ምት ሰማንያ ገባ። አይዞህ ልትለው ጎንበስ ስትል ዘጠና አምስት ሆነ። ስትወጣ ሰማንያ። ስትመለስ ዘጠና ስምንት።

«እህቴ፣ ፊትሽ እኮ ለቅሶ ቤት ሆኗል» አላት የሥራ ባልደረባዋ። «አንቺን እያየ ነው የሚደነግጠው። ውጪልኝ፣ እኔ አነሳዋለሁ።»

«አባቴን ጥዬ?»

«ውጪ አልኩሽ!»

ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ፈራች፤ እንደ ሕፃን ፈራች። ተቀዶ ከሆነ የገደልኩት እኔ ነኝ፣ አስሯን ደቂቃ የበላሁበት እኔ ነኝ አለች። ከበሩ ወዲያ ድምፅ መጣ። «ትንፋሽ ይሳቡ... ይያዙ።» የራሷ ድምፅ ነው፤ የዛሬን ጉድ ያላየ፣ የረጋ ድምፅ። ግድግዳውን ተደግፋ እሷም ያዘች። «አሁን ይተንፍሱ» እስኪላት ድረስ አልለቀቀችም።

በሩ ተከፈተ። «ምቱ ስልሳ አራት ወርዶልን አነሳሁት። ነይ እይ።»

መስመሩ የለም። ጠርዙ ጥርት ብሎ አንድ ነው። ሐኪሙ አገላብጦ አየና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «በከንቱ ልከፍተው ነበር እኮ» አለ። ሕመሙ በውድቀቱ ከተሰነጠቁ ሁለት የጎድን አጥንቶች ነበር፤ ሁሉም መስመሩ ላይ ሲያፈጥ ማንም ልብ አላላቸውም።

አባቷ እጇን ያዘ። «እዚያ ውስጥ ስትናገር የነበረችው አንቺ ነሽ አይደል?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«አወቅኩሽ። ልጄ እንዲህ ረግታ ካወራች እኔ ምን አስፈራኝ አልኩና ረግቼ ተኛሁ።»

ከበሩ ጀርባ ስትንቀጠቀጥ እንደነበር አልነገረችውም።