በወንድሜ ቁጥር የታሸገ ዱቄት

ወንድሜ መርፌ ይፈራ ነበር። ከበርበራ ወደብ እስከ ቶጎጫሌ ከባድ መኪና የሚነዳ ጎልማሳ፣ ሲሪንጅ ሲያይ ፊቱን ያዞራል።

እኔ ሐርጌሳ ውስጥ በደም ባንክ ላቦራቶሪ እሠራለሁ። ሁለታችንም ያደግነው ድሬዳዋ ስለሆነ የምንጣላውም የምንታረቀውም በአማርኛ ነበር። ከውጭ የመጡ አሠልጣኞች ፕላዝማን፣ ማለትም ቀዩ ከደሙ ሲለይ የሚቀረውን ቢጫ ፈሳሽ፣ ወደ ዱቄት የሚቀይር መሣሪያ ይዘውልን መጡ። ለልምምዱ ደም የሚሰጡ ስድስት ሰዎች ያስፈልጉ ነበር፤ አምስት ተገኙ። ስድስተኛውን 31 ሜይ በሚባለው ሰፈር ካለው ቤቱ ጎትቼ አመጣሁት፤ ወንድሜን።

ፈሳሹ እንደ ሽቶ ይረጫል፣ ሙቅ አየር ያደርቀዋል፣ ዱቄቱ ከታች ባለች ከረጢት ይጠራቀማል። የአንዱ ደም ከሌላው እንዳይነካካ፣ ፕላዝማው ያለፈበት ፕላስቲክ በሙሉ ከነቱቦው ይጣላል። ለቀጣዩ ሰው አዲስ ይገጠማል።

"ይሄን የመሰለ ዕቃ አንዴ ተጠቅማችሁ ልትጥሉት?" አለ ወንድሜ። "እማማ ብታየው አጥባ ስኳር ታስቀምጥበት ነበር።"

"አቦ፣ ዝም ብለህ ጥጡን ያዝና ክንድህን እጠፍ" አልኩት።

ስም አይጻፍም፤ ከረጢቱ ላይ የሚለጠፈው ቁጥር ብቻ ነው። ዱቄቶቹ ለሕክምና እንዲሰጡ ገና ስላልተፈቀደ፣ የከተማችንን ሙቀት ያለ ፍሪጅ ይችሉት እንደሆነ ለማየት ስድስቱንም መደርደሪያ ላይ ደረደርናቸው። በየጊዜው አንዷን በውሃ በጥብጠን እንመረምራለን።

ሁለተኛዋን ሳንከፍት ወንድሜ በበርበራ መንገድ ላይ ተገለበጠ። የገደለው ስብራቱ አልነበረም፤ ደሙ አልቆም ብሎ ነው። ደም የሚያረጋው ፕላዝማችን እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ፍሪዘር ውስጥ ነበር፤ እሱ ያለበት ቦታ ደግሞ ፍሪዘርም መብራትም የለም። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ከዚያ ወዲህ ምርመራ በደረሰ ቁጥር እጄ የእሱን ከረጢት እየዘለለ ሌላ ያነሳ ጀመር። "የዚችኛዋ ተራ አልደረሰም" እላለሁ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሰው በሌለበት አንስቼ እይዛታለሁ። ውስጧ ያለው ሌላ ሰው ያልተቀላቀለበት እሱ ብቻ ነው። በጣም ይናፍቀኛል። ቤቴ ውስጥ በአማርኛ የሚያበሽቀኝ የለም፤ ስለዚህ ለከረጢቷ አወራላት ነበር። ሰው ቢሰማኝ አበደች ይለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት እሷ ብቻ ቀረች።

"እህቴ፣ ከፈለግሽ እኔ ልክፈታት" አለችኝ አለቃዬ በሶማልኛ። የማን እንደሆነች ካወቀች ቆይታለች።

"እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ እኔው እጨርሰዋለሁ" አልኳት።

ቢስሚላህ ብዬ ውሃውን ጨመርኩ። ዱቄቱ ቀስ እያለ ሟሟና እንደዚያን ቀን ቢጫ ሆነ። ጥቂት ቲዩብ ውስጥ ቀድቼ፣ ፕላዝማ የሚያረጋውን ኬሚካል ጨመርኩበትና ሰዓት ያዝኩ። እንዳይረጋ ተመኘሁ። ካልረጋ ሙቀቱ አበላሽቶታል ማለት ነው፤ ዱቄቱ ያን ቀን መንገድ ላይ ቢኖር እንኳ ወንድሜን አያድነውም ነበር ብዬ እተኛለሁ።

በሰዓቱ ረጋ። ቲዩቡን ብዘቀዝቀው ጠብ አላለም።

አለቃዬ አጠገቤ ቆማ አየችው። "ይሄ አንድ ቀን የሰው ወንድም ያድናል" አለችኝ።

አሚን አልኩ። እኔ ግን የፈለግሁት የራሴን ነበር።