ጃቫ እና በባቲ በኩል የወጣችው ጨረቃ

ልጅ እያለሁ ከከሚሴ እስከ ባቲ እንደኔ አርቆ የሚያይ አልነበረም። ጨፋ ሸለቆ ውስጥ የቆመ በሬ ሽፋሽፍቱን ሲያርገበግብ ከደጃችን ሆኜ እቆጥርለት ነበር። ዛሬ መነጽር አድርጌም አንድ የእኩል ምልክት ከሁለት መለየት አቅቶኛል።

መምህራን ፕሮግራም መጻፍ ተማሩ ተብለን ልጄ ሀያት ጃቫ ታስጠናኛለች። «አባ፣ ለማወዳደር ሁለት ምልክት ነው ብዬህ የለ?» ትለኛለች፣ ለሺህኛ ጊዜ። ሁለት ሁኔታ በ«እና» ሳገናኝ ደግሞ አንዷ ከተሳሳተች ማሽኑ ጠቅላላውን «ፎልስ»፣ ሐሰት ብሎ ይጥለዋል። ጸጉሬን መንጨት ያምረኛል፤ የሚነጭ ቢኖር።

«ግማሹ እውነት አይደል እንዴ?» አልኳት ትናንት።

«ግማሽ እውነት የሚባል የለም።»

ይቺን ቃል አውቃታለሁ። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ረመዳን ሃያ ዘጠኝ ቀን ሆኖት ነበር። አባቴ ለኢድ የገዛልኝን ጫማ ሳጥን ውስጥ ቆልፎበት፣ የአዲስ ቆዳ ሽታውን በስንጥቁ እየማግኩ ሰንብቻለሁ። ጨረቃ ከታየች ጫማው ነገ ይፈታል፤ ካልታየች አንድ ቀን ይጨመራል፣ ያውም ለኔ አንድ ዓመት የሚያህል ቀን። አየሁ የሚሉ ሁለት ምስክሮች ያስፈልጉ ስለነበር የጎረቤታችንን ልጅ ጀማልን አብሮኝ «አየሁ» እንዲል አግባባሁትና፣ ፀሐይ እንደጠለቀች መስጊድ ቅጥር ውስጥ እየሮጥን ገባን።

የመስጊዱ ሸህ ይማም አልተቆጡም። ጀማልን ከበሩ ውጭ አቆሙና «ኮቱ፣ ና ወዲህ፣ በየት በኩል አየሃት?» አሉኝ።

«በባቲ በኩል፣ ሸሆቹ። እንደ ማጭድ ቀጥናለች።»

ጀማል ተጠርቶ ገባ። «ፀሐይ በገባችበት፣ ከተራራው በላይ። ማጭድ ትመስላለች።»

ቅጥሩ በሳቅ ተናጋ። አዲስ ጨረቃ በምሥራቅ በባቲ በኩል የታየችው፣ ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ፣ ለኔ ብቻ ነው። «ማጭድ መምሰሏንስ ሁለታችንም ተናግረናል» ብዬ ተሟገትኩ።

«ግማሽ እውነት የለም፣ የኔ ልጅ» አሉኝ ሸሆቹ። ቀጥለው ወደ ሰዉ ዞሩና «አትሳቁበት፤ ጾሙ አዙሮት ነው» ብለው ከእጃቸው ተምር አጎረሱኝ። አገሩ በሙሉ ሠላሳኛውን ቀን ጾመ፣ ጫማውም ሳጥኑ ውስጥ አደረ።

የዛሬው ማሽን ቀይ መስመር አስምሮብኝ ዝም ይላል። ሸሆቹ ሐሰቴን ሐሰት ብለው ሲያበቁ ምክንያት ፈልገውልኝ ነበር።

ምክንያቱም ቢሆን ሐሰት ነው። ያን ቀን አልጾምኩም፤ ከረፋድ ጀምሮ ማሽላ ማሳ ውስጥ ተደብቄ ጥንቅሽ ስመጥ ነው የዋልኩት።