ሪንስከ ከባሏ የደበቀችው

የሪንስከ ባል ዊበ ከብት ከሚረባበት ከፍሪስላንድ አገር፣ ላም ከሚያልብ ቤት የወጣ ነበር። የመንደራችንን የፍሳሽ ማጣሪያ ገንዳ ያስጀመሩት እሱና እሷ ናቸው። እንደ ጥጥ የሚንሳፈፈውን ዝቃጭ አየር እየነፉበት፣ ቀላሉን እያስወጡ ከባዱን እያስቀሩ፣ ምስር የሚያህል ክብ ፍሬ እስኪሆን ደከሙበት። ፍሬው የጥቃቅን ተሕዋስያን ክምችት ስለሆነ ሕይወት አለው፤ ቆሻሻውን ይበላል። አየሩ ሲቆም እንደ አሸዋ ይዘቅጥና ውሃው ከላይ ጠርቶ ይቀራል።

ዊበ ሳንባውን ታሞ ቤት ዋለ። ሪንስከ ማታ ስትገባ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «ከብቶቹ» ስለሚለው ፍሬ ይጠይቃታል።

«ከብቶቹ እንዴት ዋሉ?»

«በልተው ተኝተዋል።»

«ያለ እኔ? ውለታ ቢሶች።»

«ያንተን ፊት ስላላዩ ነው የተስማማቸው።»

ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት ከፍሳሹ ጋር መርዝ መጣ። ማን እንደደፋው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሪንስከ ከገንዳው በብርጭቆ ቀድታ አየችው፤ ፍሬው ፈራርሶ ውሃው ደፍርሷል፤ ፍርፋሪው አልዘቅጥ አለ። አብረናት የምንሠራው ሁሉ የተረፈውን ለማዳን ስንሯሯጥ ዋልን፤ የተረፈ ግን አልነበረም።

ማታ ዊበ ስለ ከብቶቹ ሲጠይቃት «ደህና ናቸው» አለችው።

ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ ዋሸችው። «ሲትሰ፣ ምን ላድርግ?» አለችኝ። «ሰውዬው የቀረው ነገር ቢኖር ያ ገንዳ ነው።»

አንድ እሑድ የአተር ሾርባ ስታበላው እጇን ያዛት።

«ሪንስከ፣ ልብስሽ ይሸታል።»

«የፍሳሽ ሠራተኛ አግብተህ ሽቶ አማረህ?»

«የሞተ ገንዳ ሽታ ነው። አውቀዋለሁ።»

ማንኪያውን አስቀመጠች። «መቼ አወቅህ?»

«የመጀመሪያው ቀን ማታ። እንዳይከፋሽ ብዬ ዝም አልኩ።»

«ታዲያ በየቀኑ ለምን ትጠይቀኛለህ?»

«ስትዋሺኝ ድምፅሽ ደስ ይላል» አላት። ያን ቀን ሁለቱም አለቀሱ።

ገንዳውን ዳግም ለማስጀመር ከሌላ ከተማ ማጣሪያ ፍሬ በቦቴ ሊላክልን ነበር። ዊበ «ሲመጣ በተሽከርካሪ ወንበሬ እየገፋሽ ውሰጂኝ» ብሏት ቃል ገባችለት። ቦቴው ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ዊበ ሞተ።

መኪናው ግቢያችን ሲቆም ዊበ ገና አልተቀበረም። አስከሬኑ እንደ አገራችን ልማድ ቤት፣ አልጋው ላይ ነበር። ሪንስከ ግን ከአጠገቡ ተነሥታ መጣች። አለቃችን «ሂጂ፣ እኛ እንሠራዋለን» ቢላት አልሰማችውም፤ የቦቴውን ቧንቧ ራሷ ያዘች። ፍሬው ወደ ገንዳው ሲወርድ ቆማ አየችው።

«የሰው ከብቶች ናቸው» አለችኝ። «እንግዲህ ይልመዱን።» ከዚያ ደግፌ አስቀመጥኳት።

በጸደይ ውሃው ጠራ። ሪንስከ ቤቱን ሸጣ መንደሩን ከሚያቋርጠው ቦይ ማዶ ከእህቷ ጋር ገባች። ጠዋት በብስክሌት ትመጣለች፤ ሥራዋን አታጓድልም። ስንቀልድ ትስቃለች፤ ግን ከሁላችን ዘግይታ ነው።